ሦስተኛው ግብዣ

ጥያቄ ስለማይጠፋባት ቤተሰቡ «ለምኔ» ለሚላት ተማሪ የዛሬው የቃል ፈተና የመጨረሻ ዕድሏ ነው። ባለፈው ዓመት ወድቃለች፤ ዘንድሮ ከደገመች ከእንግሊዝና አየርላንድ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ትሰናበታለች። ፈታኟ ከአየርላንድ የመጡ እንግዳ መምህርት ናቸው፤ ጉንፋን ጠፍንጎ ይዟቸዋል።

የተሰጣት ታሪክ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። አንዲት የአየርላንድ ገጠር ሴት፣ ለንደን ሃያ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች እህቷን ልትጠይቅ ትሄዳለች። እህትየው ሻይ ትጋብዛታለች። «አይ፣ ይቅርብኝ።» ትደግምላታለች። «ይቅርብኝ።» ሴትዮዋ ትነሣና ትወጣለች፤ እስከ ዕለተ ሞቷ ያንን ደጃፍ አትረግጥም። ጸብ የለ፣ ክፉ ቃል የለ፤ ሻይ ባይጠጣ ምን ይሆናል ጃል?

ለምኔ የቤተ መጻሕፍቱን ማመሳከሪያ ሁሉ አገላብጣለችና «የድሃ ኩራት ነው» እያለች አንበለበለችው። ፈታኟ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

በዚህ መሀል የክፍሉ ሻይ አቅራቢ የሆነችው አክስቷ በሩን በጀርባዋ ገፍታ ትሪ ይዛ ገባች።

«ሻይ ይጠጡ እንደሆን ጠይቂልኝማ።»

ፈታኟ እያሳሉ «አይ፣ አትቸገሩ» አሉ።

«አልፈልግም ብለዋል፣ አክስቴ።»

«ድገሚላቸው።»

ደገመች፤ አሁንም አይሆንም። ለምኔ ተሸማቀቀች። «በናትሽ ሂጂ! ፈረንጆች እምቢ ካሉ እምቢ ነው።»

«አንቺ ሞኝ! ዓይናቸው ማንቆርቆሪያው ላይ ተተክሎ?» አክስት ፈተና ይሁን ሠርግ ደንታም አልሰጣት፤ ብርጭቆውን ሞልታ ፊታቸው አኖረችው። «በሞቴ፣ አንዴ ፉት ይበሉ።»

ይህን መተርጎም አላስፈለገም። ፈታኟ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ፉት እያሉ ግማሽ አደረሱት።

ለምኔ ብርጭቆውን አየች፤ ከዚያ ወረቀቱን።

«መልሴን መቀየር ይቻላል?»

«ይቻላል።»

«ሴትዮዋ ሦስተኛውን ግብዣ እየጠበቀች ነበር። በአየርላንድ ገጠር እስኪለመኑ አለመቀበል ወግ ነው።»

«ታዲያ እህትየው ለምን አልለመነቻትም? ጠልታት ነው?»

ለምኔ ወደ አክስቷ ዞር አለች። አክስቷን «ሂጂ» ያለቻት ራሷ አይደለችም እንዴ? ያውም ለእንግዳዋ አክብሮት ብላ።

«አልጠላቻትም» አለች። «እንግሊዝ ኖራ፣ አይ ያለን ሰው አለመጫን ለምዳለች። ማክበሯ ነበር። እኔም አሁን እርስዎን ሳከብር ጉሮሮዎን ላደርቀው ነበር።»

ፈታኟ ሳቃቸውና ሳላቸው ተቀላቀለባቸው። ውጤቱን ጽፈው ወረቀቱን ወደ እሷ አዞሩት፤ አልፋለች።

ደስታዋ ወሰን አልነበረውም፤ እንባዋም አብሮ መጣ። ሁለት እህትማማቾች በአንድ ስኒ ሻይ የተነሣ ዳግም ሳይተያዩ ሞተዋል፤ አንዳቸውም ሳያጠፉ።