ለግራ ትከሻ የተሠራው ጠመንጃ

ልጄ እሱባለው የተኮሰበት ሸክላ አይሰበርም ነበር። ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ሣሩ ላይ ያርፋል፣ እኔም ሄጄ አነሣዋለሁ። የሌሎቹ ልጆች ሸክላ አየር ላይ እንደ አመድ ይበተናል። የእሱ ብቻ ደህና ሆኖ ወደ ቅርጫቴ ይገባል።

ዘመኑ 1969 ነው። ከጅማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሊሙ ገነት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ መንግሥት የወረሰው አንድ የቡና ማበጠሪያ ነበር። እሱባለው እዚያ ሚዛን ላይ ይሠራል። የድሮው ባለቤት ግሪክ ነበር፤ ከማበጠሪያው ጀርባ ባለው ሜዳ ሸክላ እያስወረወረ መተኮስ ይወድ ነበር። አገሩ ሲገባ በብረት ሞላ ሸክላ የሚያስፈነጥረውን መወርወሪያና ብዙ ሣጥን ጥይት ትቶ ሄደ። ሠራተኞቹ ተማክረው ቀበሌውን አስፈቀዱና እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጫወት ጀመሩ። ፈቃዱ የተገኘው ከርከሮና ጦጣ የጫካውን ቡና ስላስቸገሩ ነው፤ የአደን ጠመንጃ ያለው ሁሉ ማነጣጠር ይልመድ ተባለ።

እኔ በገበያ ድስትና ማሰሮ እሸጣለሁ። ግሪኩ የተወው ሸክላ ሲያልቅ፣ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ዝርግ ሸክላ አሠርቼ እንዳመጣላቸው ለመኑኝ። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እሳት ከጠገበ ግን ይጠነክርና የጥይቱ እርሳስ አይበግረውም። ጥሬ ከሆነ ደግሞ ሞላው ሲለቀው እዚያው ይፈርሳል። ለጋ እሳት ብቻ ነው መቅመስ ያለበት። ሠሪዎቹን ይህን እስካስለምድ ድረስ ብዙ ተሰድቤበታለሁ። እንዲህ ሆኖ እሑድ ሁሉ ከሜዳው አልጠፋም ነበር፤ ነገር ግን ሸክላው ባይኖርም ሌላ ሰበብ አላጣም። አባቱ ለይኩን ከሞተ ወዲህ ያለኝ እሱባለው ብቻ ነው፤ ጊዜውም ለወጣት ልጅ የሚታመን ጊዜ አልነበረም።

መወርወሪያውን የሚስበው የማበጠሪያው ዘበኛ ሸኩር ነው። ምላሱ አያርፍም።

«ኤዬ፣ እትዬ ሸዋረገጥ፣» ይለኛል፣ «ይህን ልጅ አላህ ያኑርልን። እሱ ባይኖር ሸክላችን በአንድ ቀን ያልቅ ነበር።»

«ተወው እስቲ ሸኩር።»

«እኔ ምን አልኩ? ወረወርኩ፣ ተኮሰ፣ እርስዎ አነሡ፣ መልሼ ወረወርኩ። አጃኢባ ነው። አንድ ሸክላ ለዓመት ይበቃናል።»

ልጆቹ ይሳሳቃሉ። እሱባለውም አብሮ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም። የሚተኩሰው በተዋሰው ጠመንጃ ነበርና ጥፋቱን ሁሉ በጠመንጃው ያሳብባል። እኔ ግን ሸክላውን ባነሣሁ ቁጥር በሆዴ «ተመስገን» እላለሁ። ምክንያት ነበረኝ።

ከሁሉም የሚበልጠው ተኳሽ የጎረቤቴ የብርሃንነሽ ልጅ ፍስሐ ነበር። ከእሱባለው ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደጉት። አንድ እሑድ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር መጣና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ሲያይ ዋለ። ፍስሐ አንድም ሳይስት ሸክላውን አደቀቀው። ሳምንት ሳይሞላ የአብዮት ጠባቂ ጠመንጃ አሸከሙት። አብረውት የተማሩትን ልጆች በር ማንኳኳት የእሱ ሥራ ሆነ። የእነዚያ ልጆች ጓደኞችም በተራቸው ለእሱ ያደፍጡለታል። ብርሃንነሽ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ «ልጄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚተኛው። በስሙ ስጠራው ይደነግጣል፣» አለችኝ። ስለዚህ የልጄ መሳት ለእኔ ጠባቂ መልአክ ነበር።

እሱባለው ከደመወዙ ሲያጠራቅም ቆየና የራሱን ጠመንጃ መግዛት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ገንዘቡ ስላልሞላለት እኔም ጨመርኩለት። እምቢ ማለት አቃተኝ፤ ከሥራ ውጪ የሚያስደስተው ሌላ ነገር አልነበረውም። ወደ አቶ ወልደሰማያት ሱቅ አብረን ሄድን። አቶ ወልደሰማያት የልብስ ስፌት መኪናና የአደን ጠመንጃ የሚጠግኑ፣ ያገለገለ ጠመንጃም የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ያን ቀን ዝናብ ነበር።

እሱባለው ገና ከመግባቱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ አየ። ጎኑ በብር ቀለም ወፍና ቅጠል ተቀርጾበታል።

«እሱን ተወው፣» አሉ አቶ ወልደሰማያት። «የምትከፍለው ለወፏ ነው። ሸክላው ወፏን አያያትም።»

ከዚያ አንድ ቀላል ባለ አንድ አፍ አውርደው ሰጡት።

«ይሄ ርካሽ ነው። ቀላል ስለሆነ ግን ይራገጣል። ከርከሮ ላይ አንድ ጊዜ ተኩሶ ለሚሄድ ሰው ይሆናል። ከሰዓቱን ሙሉ ለሚተኩስ ግን ትከሻውን ያበልዘዋል። ትንሽ ክብደት ያለው ይሻላል፤ ብረቱ ግፊቱን ይውጥልሃል።»

ሌላ ጠመንጃ አንሥተው ከመጋጠሚያው አጠፉና ወደ በሩ ብርሃን አቀኑት። «በአፈሙዙ ውስጥ እይ። እንደ መስተዋት ካበራ ደህና ነው። ነጠብጣብ ካለው ዝገት በልቶታል። ስትዘጋው ደግሞ አራግፈው፤ ከተንቀጫቀጨ የሌላ ሰው ሀብት ይሁን።» ቀጥለው የእሱባለውን ክንድ አጥፈው ሰደፉን ከክርኑ እስከ ጣቱ ለኩበት። «እስቲ ወደ ጣሪያው ደግነው።»

ደገነ። አቶ ወልደሰማያት ፊት ለፊት ሆነው ዓይን ዓይኑን ሲያዩ ግንባራቸው ተኮሳተረ።

«አስቀምጠው። ሁለቱንም ዓይንህን ሳትጨፍን በጣትህ አፍንጫዬን አመልክት።»

አመለከተ።

«ግራ ዓይንህን ጨፍን። ጣትህ የት ሄደ?»

«ወደ ጆሮዎ ሸሸ።»

«ግራውን ክፈትና ቀኙን ጨፍን።»

«አፍንጫዎ ላይ ነው።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ወይዘሮ ሸዋረገጥ፣ ይህ ልጅ ግራኝ ነበር?»

ነበር። ሕፃን ሳለ ሁሉን በግራው ነበር የሚይዘው። እኛ ሰፈር ክርስቲያኑም እስላሙም ተጠራርቶ ነው የሚበላው፤ ግራ እጁን ወደ ገበታ የሚሰድ ልጅ ቤተሰቡን ያሰድባል። ስለዚህ አባቱ ምግብ ሲቀርብ የልጁን ግራ እጅ በነጠላ ጫፍ ከወገቡ ጋር ያስረው ነበር። በቁጣ አይደለም፣ እያጫወተው ነው። ከጊዜ በኋላ መብላቱም መጻፉም በቀኝ ሆነና ሁላችንም ረሳነው። ይህን ነገርኳቸው።

«አቶ ለይኩን እጁን አሰሩ፣» አሉ አቶ ወልደሰማያት። «ዓይኑን ግን ማሰር አልቻሉም። ጠመንጃው በቀኝ ትከሻው ነው፣ የሚያየው በግራ ዓይኑ ነው። እንዴት ይምታ?»

ወደ ጓዳ ገብተው በጆንያ የተጠቀለለ ጠመንጃ አመጡ። ሰደፉ ላይ ጭረት አለው፤ ጌጥ የለውም።

«ይህን ያሠራው እዚህ የነበረ አንድ የውጭ ሐኪም ነው፣ ግራኝ። ሰደፉ ለግራ ጉንጭ ነው የታጠፈው። ስንት ሰው አነሣው፣ ጉንጩን ሲመታው መልሶ አስቀመጠው። በዚህ አገር ግራኝ ሆኖ የሚያድግ ሰው የለም፤ ስለዚህ ገዢ የለውም። ብረቱ ሱቄ ውስጥ ካለው ሁሉ ይበልጣል፣ ዋጋው ግን የሁሉም ታች ነው። በግራ ያዘው።»

እሱባለው አፍሮ ወደ እኔ አየ። ከዚያ ወደ ግራ ትከሻው አመጣው። ጉንጩ ሰደፉ ላይ ሲያርፍ ትከሻውም ክንዱም አብረው ለዘብ አሉ። ሳጠባው እንደማውቀው፣ እንቅልፍ ሊወስደው ሲል እንዲህ ነበር የሚሆነው።

«በዚህ ከያዘ ይመታል?» አልኩ።

«ይመታል።»

«ሳይስት?»

«ሰው ነውና ይስታል። እንደ እስከ ዛሬው ግን አይሆንም።»

«እንግዲያው ባለ ወፉ ይሁንለት፣» አልኩ።

«ወይዘሮ ሸዋረገጥ፣» አሉ አቶ ወልደሰማያት በቀስታ፣ «እሱ ከአቅማችሁ በላይ ነው፣ ለልጁም አይሆነውም። ምን አስበው ነው?»

በሰው ሱቅ የሚነገር ነገር አልነበረም። እሱባለውን በክንዱ ይዤ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው የሚሰማን አልነበረም።

«ፍስሐን አላየህም?» አልኩት። «የሚመታውን ነው የሚወስዱት። እየሳትክ ኑርልኝ።»

«እማዬ፣ እስከ መቼ ነው የምስተው?»

«እነሱ እስኪያልፉ።»

«እስኪያልፉ እኔም አልፋለሁ።» ወደ ዝናቡ ዞረ። «የማልረባ መስሎኝ ነበር እኮ። እጄ የማይታዘዝ፣ ልቤ የሚፈራ መስሎኝ ነበር። ለካ ዓይኔ ነው።»

ክንዱን ለቀቅሁት። «እንዲህ እናድርግ፣» አለ። «ይህንኑ እንግዛ። ሰው በሌለበት፣ እኛው ብቻ ስንሆን እመታለሁ። የቀበሌ ሰው ከመጣ በእግዜር ስም እስታለሁ። ለአንቺ ስል።»

«ትምላለህ?»

«በአባቴ አጥንት።»

በዚህ ተስማማንና ገዛነው። የጠመንጃው ፈቃድም በስሙ ዞረለት።

የመጀመሪያው እሑድ ሸኩር ሞላውን ሲስብ፣ «ማሎ፣ ኧረ እባካችሁ፣ ዛሬ ደግሞ በግራ መጣብን። በቀኙ ሰማዩን ጨርሶ ነው፣» አለ። ሸክላው ወጣ። እሱባለው በግራ ትከሻው ሰደፉን ሳብ አድርጎ ተኮሰ። ሸክላው አልተመለሰም። ዱቄቱ በነፋሱ ወደ ቡናው ጫካ ሄደ። ሸኩር የሞላውን ክንድ እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ድገመው፣» አለ እሱባለው።

ደገመለት፣ ሠለሰለት። ያን ቀን ሣሩ ላይ የማነሣው አልነበረም። ልጄ ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አወራ፤ ስለ ነፋሱ፣ ከሸክላው ቀድሞ ስለመተኮስ፣ አባቱ አይቶት ቢሆን ስለሚለው። አባቱ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ደስታው ለእኔም ተረፈ፤ ፍርሃቴን ግን አላባረረውም። አንድ ዓይኔ ሸክላው ላይ፣ አንዱ መንገዱ ላይ ሆኖ ነበር የምውለው።

ቡናው መቅላት ሲጀምር ሊቀ መንበሩ መጣ። ፍስሐ ጠመንጃውን አንግቶ ከኋላው ነበር። ከስቷል። ሰላም አላለንም።

«አንድ ግራኝ አለ ይሉኛል፣» አለ ሊቀ መንበሩ። «የሚስተው የለም ይባላል። የትኛው ነው?»

እሱባለው ራሱ ወጣና ቆመ። ወደ እኔ አንድ ጊዜ አየ። እኔ ቅርጫቴን ይዤ ወደ ሣሩ ጠጋ አልኩ።

ሸኩር ሳበ። ሸክላው ወጣ፣ ተኩሱ ተሰማ፣ ሸክላው ሣሩ ላይ አረፈ። ደገመ፤ ያም አረፈ። ልጄ መሳትንም በጥንቃቄ ነበር የሚሠራው፤ ትንሽ ዘግይቶ፣ ከሸክላው ኋላ። መንጋጋው ሲጠብቅ ከሩቅ ይታየኝ ነበር። ከማበጠሪያው አዲስ የመጣ አንድ ሠራተኛ ሳቀ። ሌሎቹ አልሳቁም። እኔ እየሄድኩ ሸክላውን አነሣሁ።

ሊቀ መንበሩ ፊቱ ተለወጠ። «ፍስሐ፣ ይህን ሰው ታውቀዋለህ። እየቀለደብኝ ነው?»

ፍስሐ እሱባለውን ትክ ብሎ አየው። ከሕፃንነቱ የማውቀው ፊት ለአፍታ ተመለሰ።

«ማነጣጠር አይችልም፣ ጓድ ሊቀ መንበር፣» አለ። «ልጆች ሆነን ለማንጎ ድንጋይ ስንወረውር እሱ የጎረቤት ቆርቆሮ ነበር የሚመታው። በእሱ ምክንያት ስንት ቀን ተገርፈናል። የወሬኛ ወሬ ነው የሰሙት።»

«እንግዲያው ጠመንጃ ምን ያደርግለታል?» አለ ሊቀ መንበሩ። «አብዮቱ መሣሪያ ይፈልጋል፣ እዚህ ሸክላ ይሳትበታል።»

እጁን ዘረጋ። እሱባለው ጠመንጃውን አጥፎ፣ ጥይቱን አውጥቶ ሰጠው። ሊቀ መንበሩ ወደ ቀኝ ትከሻው ቢያመጣው ሰደፉ ጉንጩን ገፋው። ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ጠማማ ነው። አናጺ ልጦ ያቃናዋል፣» አለና ለፍስሐ አሸከመው።

ሄዱ። ሸኩር መወርወሪያውን በሸራ ሸፈነ።

በመንገድ እሱባለው ቀድሞኝ ይሄድ ነበር። ጠራሁት፣ ሳይዞር ቆመልኝ።

«ሌላ እንፈልጋለን፣ ልጄ።»

«ሌላ የለም፣ እማዬ። አቶ ወልደሰማያት ሲናገሩ ሰምተሽ የለ። በዚህ አገር አንድ ብቻ ነው።»

«አንተ አለህልኝ።»

«አዎ፣» አለ። «እኔ አለሁ።» በቁጣ አልነበረም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ፍስሐን ሲያደፍጡለት የከረሙት ልጆች በጥር ወር በጅማ ሆስፒታል አጥር ሥር ተኩሰው ገደሉት። እሱባለው ከቀባሪዎቹ ፊት ሆኖ ሬሳውን ተሸከመ፤ ለቅሶውንም ከብርሃንነሽ ቤት ሳይጠፋ ተቀመጠ። አልቅስ ቢሉት አላለቀሰም። ከዚያ ወዲህ እሑድ ከቤት አይወጣም። ከሚዛኑ ይመጣል፣ ይቀመጣል። ስጠይቀው ይመልስልኛል፣ ካልጠየቅሁት አይናገርም።

ብርሃንነሽ አንዳንዴ በአጥሩ በኩል፣ «አንቺ ምን ጎደለሽ፣ ልጅሽ ቤትሽ ነው፣» ትለኛለች። እውነቷን ነው። «ምንም አልጎደለኝም፣ እህቴ፣» እላታለሁ። ከዚያ ቤቴ እገባና፣ ቀና ብሎ እንዲያየኝ፣ ያለ ጉዳይ ልጄን በስሙ እጠራዋለሁ።