ቆሞ መሸመን

«መንግሥቴ አልሞተም፣ ልጅ ተክቶ ሄዷል፤
ልጁ መወርወሪያ በብዕር ለውጧል፤
ነገ ከችሎቱ ወንበር ይቀመጣል።»

አክስቱ ድንቅነሽ የመጨረሻዋን ስንኝ ስትደግማት አንለይ አንገቱን ደፋ። ያዩት ሁሉ ሐዘን የሰበረው መሰላቸው፤ አጠገቡ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ሐዘን ብቻ ግን አልነበረም። ፍርሃትም ነበረበት።

የአባቱ ሰልስት ነው። ነሐሴ በመሆኑ የርብ ወንዝ ሜዳውን ሞልቶት፣ ለቀስተኛው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ውኃውን እየሰነጠቀ ነው የደረሰ። ቤቱ የረጠበ ጋቢ ይሸታል። አንለይ ዓይኑን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ቢያዞር አባቱ ያልሠራውን ጋቢ አላገኘም። ሸማኔው መንግሥቴ በዚህ ሜዳ ላይ ያለውን ሰው ለክርስትናውም ለሠርጉም ለመቃብሩም አልብሶታል። በየሠርጉ ግን የሚቀመጥ ከበር አጠገብ ነበር፤ እዚያ የሚያስቀምጡትም ያው እሱ ያለበሳቸው ሰዎች ነበሩ።

«እውነቷን ነው» አሉ ባላምባራስ አዛናው ከመደቡ ላይ ሆነው። «ዳኝነቱ ይቆየውና መጀመሪያ ለእኔ ጠበቃ ይሁን።»

ጥቂት ሰዎች ፈገግ አሉ። አንለይም ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን አልታዘዘለትም።

አንለይ ሕግ አይማርም። ባሕር ዳር ከሚገኘው ኮሌጅ ገብቶ የሚማረው ሽመና ነው፤ በመኪና የሚሠራ ሽመና። እሱ እስከሚያውቀው ድረስ ይህን ምሥጢር በዚህ ቤት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ባላምባራስ አዛናው፣ አንለይ ደብረ ታቦር ሲማር ለቤት ኪራዩና ለስንቁ እንዲሆን ለአባቱ መቶ ሰማንያ ብር አበድረዋል። ለጽድቅ ብለው አይደለም። ከአጎታቸው ልጅ ጋር በወንዝ ዳር ጓያ መሬት ሰባት ዓመት ሲሟገቱ ነገረ ፈጅ ሀብታቸውን ግጦታል፤ የተማረ የራሳቸው ሰው ፈለጉ። «ልጅህ ሕግ አውቆ ከተሟገተልኝ ወረቀቱን እቀደዋለሁ» አሉ። ወረቀቱ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ልጁ ጠበቃ ካልሆነ ብሩ በአንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ካልተከፈለ ቤቱና ጓሮው ለአበዳሪው ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ለወለዱ በዓመት ሁለት ጋቢ። አባቱ ማንበብ ስለማይችል ጣቱን በቀለም ነክሮ ነው የፈረመ። ቃል በቃል ያነበበለት አንለይ ራሱ ነበር።

ምርጫው ያለቀው በአንድ ጠዋት ነው። አሥረኛ ክፍልን የጨረሱት ልጆች ተሰልፈው፣ መነጽር ያደረጉ አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግተው «አንተስ ምን?» ይላሉ። ከፊቱ የቆመው ልጅ «ሕግ» ቢል ሰውየው ቀና ብለው አዩት።

«ሕግ አዲስ አበባ ነው። ገና ሁለት ዓመት እዚህ ተምረህ፣ ፈተናውን አልፈህ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ስንት ዓመት። ማን ይቀልብሃል?»

አንለይ በመስኮቱ የሚያልፈውን ደመና እያየ አሰበ። ስድስት ሰባት ዓመት። በዓመት ሁለት ጋቢ። አባቱ ከወዲሁ ሲያስል ያድራል። ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጋው ወረቀት ግርጌ ደግሞ «ጨርቃ ጨርቅ፤ መኝታና ቀለብ በነጻ፤ ሲጨርሱ ፋብሪካ ይቀጥራል» የሚል አለ። ተራው ሲደርስ ጣቱን እዚያ ላይ አሳረፈ።

ለአባቱ ሊነግረው አስቦ ነበር። መንገዱን ሙሉ አረፍተ ነገሩን ሲያቃናው መጣ። ቤት ሲደርስ ግን ባላምባራስ ተቀምጠው ጠላ ይጠጣሉ።

«እህ፣ ምን ያዝህ?» አሉት ከአባቱ ቀድመው።

«ሕግ።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው። አባቱ ወጥቶ ከቤቱ ጀርባ ቆመ፣ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ እውነቱን መናገር በየወሩ እየከበደ ሄደ። ባሕር ዳር ሕግ ይማሩ አይማሩ ከመንደሩ የሚጠይቅ አልነበረም።

ይባስ ብሎ ሥራውን ወደደው። ይህን ለራሱም ሲናገረው ይፈራ ነበር። ደብረ ታቦር ልጆቹ «የቁጢት በጣሽ ልጅ» እያሉ በአባቱ ሸማኔነት ሰድበው ሲያባርሩት አባቱ መጥቶ ፀጉሩን እየዳበሰ «አይዞህ፣ አንተ ከሽመናው ጉድጓድ አትገባም» ብሎታል። መወርወሪያ እንኳ አስነክቶት አያውቅም። ነገር ግን ኮሌጁ ውስጥ ክር ሲላላ ከአርባው ተማሪ አስቀድሞ የሚሰማው አንለይ ነበር። እጁ ያልተማረውን ያውቅ ነበር።

በአራተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ። እናቱ እማዋይሽ ለአንዲት ጎረቤት ንፍሮ እየዘገነች በሹክሹክታ ታወራለች።

«ምን ገደለው ይሉኛል። ጉድጓዱ ነዋ።»

ሸማኔ እግሩን ከተቆፈረ ጉድጓድ አግብቶ፣ ከአፉ ላይ ተቀምጦ ነው የሚሠራ። የፎገራ ጥቁር መሬት ደግሞ ክረምት ሲገባ ከሥር ውኃ ያቁራል።

«ሠላሳ ዓመት ከሐምሌ እስከ መስቀል እጁን አጥፎ ይቀመጥ የነበረ ሰው ነው። ዘንድሮ ምን እንደ ነካው እንጃ። ውኃውን በቅል እየቀዳ፣ ገለባ እየጎዘጎዘ፣ እግሩን ከውኃ ነክሮ ይውላል። ኧረ አንተ ሰው ብለው፣ ሥራ አለብኝ ይለኛል። ሌላ ቃል የለውም።»

«ለማን ሊሠራ?» አለች ጎረቤቲቱ።

«ለባላምባራስ። የዓመቱን ሁለት ጋቢ ሰጥቶ ነበር እኮ። ሌላ አራት ልጨምር ብሎ ነው። ከአራቱ ሦስተኛውን ሳይጨርስ ወደቀ።»

ከዚያ ወደ አንለይ ዞር አለች። «አበረ ነገ ይመጣል አሉ። ካሚዮናቸው ወረታ መገንጠያው ላይ ቆሟል።»

አንለይ የያዘውን ንፍሮ መልሶ አስቀመጠ። አበረ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ለፋብሪካው ጥጥ የሚያመላልስ ካሚዮን ላይ ረዳት። በሚያዝያ አንለይን ሰማያዊ ቱታ ለብሶ ከአንድ የሽመና መኪና ሥር ተጋድሞ አግኝቶት «እንዴት ዋልህ ዳኛው» ብሎ ሆዱን ይዞ ስቋል። ከዚያ ወዲህ መንደር አልገባም እንጂ አንድ ነገር ሰምቶ ያሳደረ ሰው አይደለም። እሱ እዚህ ቤት ገብቶ አፉን ቢከፍት፣ እናቱ እስከ አርባው ድረስ እንኳ ቤት አይኖራትም።

በማግሥቱ ጠዋት አንለይ ከመንደሩ መግቢያ ሾላ ሥር ቆሞ ጠበቀው። አበረ ጫማውን በትከሻው አንጠልጥሎ፣ ጭቃውን እየረገመ መጣ። ሲያየው ተጠመጠመበት።

«እግዜር ያጥናህ ወንድሜ።»

«አበረ፣ ከመግባትህ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ።»

«የምትለምነኝን አውቀዋለሁ። አባትህ ቀድመውሃል።»

«ምኑን?»

አበረ ወዲያና ወዲህ አየ። «በሰኔ ሚካኤል ማግሥት ጥጡ ላይ ጭኜ ባሕር ዳር የወሰድኋቸው እኔ ነኝ። ልጄን ልየው አሉኝ። ዳቦ ይዘውልህ ነበር። ከምትሠሩበት ቤት መስኮት ሥር አደረስኋቸው፤ አንተ ጀርባህን ሰጥተህ ነበር።»

«ለምን አልጠራኸኝም?»

«ልጠራህ ስል እጄን ያዙኝ። ቆመው አዩህ፣ አዩህ። ሾፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ ይሰድበኛል። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? 'አበረ፣ ጉድጓዱ የታለ?' ጉድጓድ የለውም አያ መንግሥቴ አልኋቸው። 'ታዲያ ከምን ላይ ይቀመጣሉ?' አይቀመጡም፣ ቆመው ነው የሚሠሩ። 'ሁሉም?' አዎ፣ ሁሉም። ወረታ ሲወርዱ፣ 'ቆሞ ከሆነስ ሽመና አይደለም' አሉኝ። ዳቦውንም ለእኔው ሰጡኝ።»

«ሌላስ?»

«ለማንም እንዳልናገር በሚካኤል አስማሉኝ። በዕድሜዬ አፌን የያዝሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሆዴን ሲያመኝ ከረመ።»

አበረ ሊያስቀው ነበር። አንለይ ግን አልሰማውም። ሰኔ ሚካኤል ይላል በልቡ። ከዚያ ሐምሌ። አባቱ ጠበቃ እንደማይመጣለት ያወቀው በሰኔ ነው፤ ዕዳው ከእንግዲህ በሌላ በምንም ሳይሆን በገዛ እጁ ሥራ እንደሚወጣ ያወቀውም ያን ዕለት ነው። ለልጁ አልነገረው፣ ለሚስቱ አልነገራት፤ ቅሉን አነሣና ውኃውን መቅዳት ጀመረ።

አበረ ወደ ለቅሶው ሲገባ አንለይ በጓሮ ዞሮ የሽመናው ዳስ ውስጥ ገባ። የሚቀዳው ስለሌለ ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቷል። ገለባ ተንሳፍፎበታል። ከላዩ ሦስተኛው ጋቢ እስከ ግማሹ ተሠርቶ ተወጥሯል፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፣ አንድም ክር አልሳተም። እንዲህ እያሰለ እንዴት እንዲህ ቀጥ አደረገው? አንለይ ሊያለቅስ ፈልጎ እንባ አልመጣለትም። ጉድጓዱ የጠራው መሰለውና ወደ ኋላ ተመለሰ።

በሰባተኛው ቀን ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ከተነሡ በኋላ ሰው ቡና እየጠጣ ሳለ ባላምባራስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሐዘን ሐዘን ነው፤ ቀጠሮም ቀጠሮ ነው። መስከረም ሃያ ደብረ ታቦር እቀርባለሁ። ትምህርቱን ባትጨርሰውም ከጎኔ ሆነህ ከሕጉ አንዲት ቃል ብትጠቅስ ያ ዘመዴ ይደነግጣል። እሺ በለኝ።»

«እሺ ይላል እንጂ፣ ምን ቸግሮት» አለች ድንቅነሽ።

እሺ ማለት ቀላል ነበር። እስከ መስከረም ሃያ አንድ ወር አለ፤ በወር ውስጥ ስንት ነገር ይሆናል። አንለይ እናቱን አያት። ጥግ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጋድማለች። ባለፈው አንዲት ቃል ተናግሮ አባቱን ስድስት ሳምንት ከውኃ ውስጥ አስቀምጦታል። አሁን ቢደግማት ደግሞ ማንን?

ተነሣ። ጋቢውን ወደ ታች ሳበው።

«ባላምባራስ፣ እኔ ሕግ አልተማርሁም።»

«እህ?»

«ሽመና ነው የምማር። በመኪና። ያን ዕለት የዋሸሁ እርስዎን ፈርቼ ነው።»

ዝናቡ የጣራውን ሣር ይመታል። ከበሩ አጠገብ አንዱ «ዐሥር ዓመት ተምሮ ቁጢት በጣሽ» አለ፤ ሌላው ሣቁን በጋቢው አፈነው። ድንቅነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ባላምባራስ አልተቆጡም። ይህ ይበልጥ አስፈራው።

«ስንት ይከፍላል ሽመናው?»

«ስጨርስ ሰማንያ ብር ይላሉ።»

«በዓመት?»

«በወር።»

«ለሸማኔ?»

«አዎ፣ ለሸማኔ።»

የሳቀው ሰው ጋቢውን ከአፉ ላይ አወረደ። ባላምባራስ ጭራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«መቼ ትጨርሳለህ?»

«በሚመጣው ሰኔ። ከቀጠሩኝ።»

«ከቀጠሩህ» አሉ ቀስ ብለው። «ወረቀቱ ምን እንደሚል ታውቃለህ?»

«ያነበብሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያስ ለአርባው እመጣለሁ። እስከዚያ እኔም ሆዴን ልጠይቀው።» ተነሥተው ሲወጡ እግዜር ያጥናችሁ አላሉም።

የቀረውም ሰው አንድ ባንድ ተነሣ። እግዜር ያጥናችሁ እያለ ወጣ፤ አንለይን ቀና ብሎ ያየው ግን አልነበረም። ድንቅነሽም ስኒዎቹን ሰብስባ ወጣች። ቤቱ ውስጥ እሱና እናቱ ቀሩ። አርባው ሠላሳ ሦስት ቀን ቀርቶታል። አንለይ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም፤ ዓይኑን ከመሬት ለማንሣት አልደፈረም።

እናቱ ስትነሣ ሰማት። እየቀረበች መጣች። ትመታኛለች ብሎ አሰበ፤ ወይም ትረግመኛለች፤ ከዱላው እርግማኑን ፈርቶ ዓይኑን ጨፈነ።

እጇ ትከሻው ላይ አረፈ። በጣቶቿ ጫፍ ጠረግ አደረገችው፤ ደግማ ጠረግ። ከዚያ ከጆሮው በላይ ያለውን ፀጉሩን፣ ከዚያ ቅንድቡን። ባሏ ማታ ማታ ከጉድጓዱ ሲወጣ፣ ሰው መሐል ሲሄድ የጥጥ ብናኝ እንዳይታይበት፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠረገችው እንዲህ ነበር። አንለይ ላይ ጥጥ የለበትም። እጇ ግን አላቆመም።