በራዶይ ደጅ የተለጠፈው ፎቶ

ራዶይ የመንደሩ ሹም ልሁን ብሎ ተወዳደረ። ተቀናቃኙ ዲሞ አፉ ቅቤ ነው፤ ራዶይ ግን ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ ይተሳሰራል። ስለዚህ "ፎቶዬ ይናገርልኝ" አለና ጥቁርና ነጭ ፎቶውን ከነስሙ በደጁ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በርና በየምሰሶው ለጠፈው። እኛ ቡልጋሪያ ደግሞ እንዲህ ያለ ፎቶ በደጅ የሚለጠፈው ሰው ሲሞት ነው። ይሄ እንዴት እንደጠፋው እንጃ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቱ እትዬ ፔንካ ጥቁር ለብሳ፣ ንፍሮ ይዛ በሩን አንኳኳች። ራሱ ራዶይ ከፈተላት።

"አለህ እንዴ?" አለችው።

"የት ልሂድ?"

"እኛማ ቀብሩ መቼ ነው እያልን ነበር።" ንፍሮውን አቀበለችው። "በል ያዝ፣ የለቅሶ ንፍሮ ወደ ቤት አይመለስም።"

ራዶይ ክው አለ። "አለቀልኝ በያ። ምርጫው እሁድ ነው፤ ለሞተ ሰው ማን ድምፅ ይሰጣል?"

"ኧረ ሰዉ ሁሉ እያመሰገነህ ነው። ዲሞ እንኳ አደባባይ ቆሞ፣ 'እንደ ራዶይ ያለ ሐቀኛ የለም፣ ሹመቱ የሚገባው ለእሱ ነበር' እያለ ያለቅሳል።"

"ሰው ሰማው?"

"መንደሩ በሙሉ። ቄሱም እዚያው ናቸው።"

"አሁንም እየተናገረ ነው?"

"ገና መጀመሩ ነው። ሮጬ ሄጄ አልሞተም ልበላቸው?"

ራዶይ ወንበር ሳበላትና ከንፍሮው አንድ እፍኝ ዘገነ።

"አረፍ በይ እንጂ እትዬ ፔንካ። እሱ ይጨርስ፣ ከዚያ አብረን እንሄዳለን።"