የዘጠነኛው ጉድጓድ ፋይል

ፋይሉ ይከፈታል፤ አይነበብም። ጥፋቱ ደግሞ የቴክኒሻኗ ነው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከውሃ ጽሕፈት ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰነዶችን ወደ አዲሱ ገለበጠች። ቁጥራቸውን ሁለት ጊዜ አመሳከረች። ከዚያ የቀጠራት ድርጅት መመሪያ በሚያዘው መሠረት የአሮጌውን ዲስክ አንድም ነገር ሳታስተርፍ አጠፋችው። ይህን ሁሉ ስታደርግ ከሰነዶቹ አንዱን እንኳ ከፍታ አላየችም። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቆፋሪው ጭቃ ጫማውን እያንኳኳ ገብቶ "የዘጠነኛውን ጉድጓድ መዝገብ አትሚልኝ" ሲላት ነው የመጀመሪያውን የከፈተችው።

ገጹ ላይ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ ነጠላ ሰረዝና የጥያቄ ምልክት ከጆንያ እንደ ፈሰሰ ጥሬ ተበትኗል። የሚነበቡት ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው፤ 18፣ 41፣ 46፣ 63።

"ምንድነው ይኼ? የጠንቋይ ደብዳቤ ነው?" አለ ቆፋሪው።

"ቆይ አንዴ።"

"መቆየትስ እቆያለሁ። መኪናው ነው የማይቆየው።"

ዘጠነኛው ጉድጓድ ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ተቆፍሮ አሁን የተደፈነ ነው። ቆፋሪው ነገ ከጎኑ አዲስ ይቆፍራል። የመቆፈሪያው ማሽን ለዚህ ወረዳ የተፈቀደው ለሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወረፋው ከዓመት በኋላ ይመጣል። ምድሩ የሚናድበት ጥልቀት ካለ ግድግዳውን የሚይዝ የብረት ቧንቧ ያስፈልጋል፤ ቧንቧው ደግሞ ያለው እዚሁ ግቢ፣ መጋዘን ውስጥ ነው። መኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ሲነሣ ስንት ቧንቧ፣ ለየትኛው ጥልቀት እንደሚጫን የሚያውቀው ያ ገጽ ብቻ ነው። ዐምና በሌላ መንደር ያለ መዝገብ ቆፍረው ጉድጓዱ ተናደ፤ የመቆፈሪያው ራስ ከነዘንጉ ከመሬት በታች ቀረ። የመንደሩ ጤና ጣቢያ እስከ ዛሬ ውሃ የሚያገኘው በበርሜል ነው።

ቴክኒሻኗ የምታውቀውን ሁሉ ሞከረች። ፋይሉን በሌላ ፕሮግራም ከፈተችው። "ክፈትና ጠግን" የሚለውን ትእዛዝ ሰጠችው። ገጹን ሁሉ መርጣ በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የፊደል ዓይነት አንድ በአንድ ቀያየረችለት። ጥሬው ወፈረ፣ ቀጠነ፣ ዘመመ፤ ጥሬነቱን ግን አልተወም። አራት ሰዓት ሲሆን ገባት፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ሰነዱ ውስጥ የተቀመጠው ፊደሉ አይደለም፤ የተመታው ቁልፍ ነው። ቁልፉን ወደ ፊደል የሚቀይረው አሮጌው ኮምፒውተር ላይ የተጫነ የፊደል ፕሮግራም ነበር። እሷ ሰነዱን ስትገለብጥ ፕሮግራሙን ረሳችው፤ ረስታም አልቀረች፣ አጠፋችው። ኢንተርኔት ላይ ፈለገችው። ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ከፈረሰ ቆይቷል፤ በድረ ገጹ አድራሻ አሁን ጫማ ይሸጣል።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በበሩ አንገቱን አስገባ። "ወረቀቱን እንዳታስቡት" አለ። "ጣሪያው ያፈሰሰ ዓመት ከአንድ ሣጥን በቀር ሁሉም በስብሷል። ፋይሎቹ ግን ሲጀመርም የተበላሹ ነበሩ፣ አይደል እህቴ?"

መልሷን ሳይጠብቅ ሄደ።

ጸሐፊዋ ጠረጴዛቸው ስለተያዘ ከጠዋት ጀምሮ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ነበር። ኀምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ መትረየስ ይላቸዋል፤ በጽሕፈት መኪናው ዘመን ሲመቱ ድምፁ ከግቢው በር ይሰማ ነበር አሉ። ወንበራቸውን ስበው ተጠጉ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ገጹን አዩት። ከዚያ ጣቶቻቸው ባዶው ጠረጴዛ ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ።

"ጉድጓድ... ቁጥር... ዘጠኝ" አሉ።

ቴክኒሻኗ ዞረች። "ምን አሉ?"

"ርእሱ ነዋ። 'ጉድጓድ ቁጥር ዘጠኝ፣ የአፈር ንብርብር መዝገብ።'"

"በቃልዎ ይዘውታል?"

"ልጄ፣ እኔ የትናንት ምሳዬን አላስታውስም። ይኼ እኮ እኔ የመታሁት ነው። ይቺ በግራ ትንሿ ጣት ናት፣ የፊደሉን አካል ታወጣለች። ቅንፏ ደግሞ በቀኝ ናት፣ ቅጥያውን፣ እግሩንና ቀለበቱን። ዓይኔ ምንም አያነብም፤ ጣቴ ሲሄድ ነው ፊደሉ የሚመጣልኝ።"

ቆፋሪው ሣቀ። "እትዬ መትረየስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ በጠረጴዛ ማንኳኳት መሬት አልቆፍርም። ቢሳሳቱስ?"

"እውነቱን ነው" አለች ቴክኒሻኗ። ሰው ስታደንቅ ደስ ከመሰኘቷ በፊት መጠራጠር የሚቀድማት ናት። "እንፈትነው። የተረፈው ሣጥን የታለ?"

ከሣጥኑ ውስጥ የሦስተኛው ጉድጓድ መዝገብ ወጣ፤ ጠርዙ ቢሻግትም ሙሉ ነው። ወረቀቱን ራሷ ያዘች፤ የዚያኑ ጉድጓድ ፋይል ከፍታ ስክሪኑን ወደ ጸሐፊዋ አዞረች። ጸሐፊዋ ጀመሩ። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ከሁለተኛው መስመር በኋላ ጋዜጣ እንደሚያነብ ሰው። ጣቶቻቸው ይሮጣሉ፣ አፋቸው ይከተላል። ቴክኒሻኗ በእርሳስ ጫፍ ቃል በቃል ተከተለቻቸው። አንድም አልሳቱም። ሰባተኛው መስመር ላይ ቆም አሉ።

"እዚህ ጋ 'ቀይ አፈር' ሁለት ጊዜ መትቻለሁ። ሳላየው አልፎኛል።"

ቴክኒሻኗ ወረቀቱን አየች። ቀይ አፈር ቀይ አፈር ይላል።

ቆፋሪው ሣቁን ዋጠ። ከኪሱ ደብተሩን አወጣ። "እሺ እትዬ። ይበሉ፣ እጽፋለሁ።"

"ከዜሮ እስከ 18 ሜትር፣ ጥቁር አፈር። ከ18 እስከ 41፣ ሸክላ። ከ41 እስከ 46፣ አሸዋ። ከ46 እስከ 63፣ ጠንካራ ዐለት። 63 ላይ ውሃ።" እዚህ ሲደርሱ ጣቶቻቸው አየር ላይ ቀሩ። "ሣጥኖቹ ግን..."

በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ አንድ ትንሽ ባዶ ሣጥን አለ። አምስት መስመር፣ አምስት ሣጥን።

"ምንድነው እሱ?" አለች ቴክኒሻኗ።

"የመሬት ባለሙያው አስገቡ ይለን የነበረ ምልክት ነው። ምድሩ የሚናድ ከሆነ ሦስት ማዕዘን፣ የሚጸና ከሆነ ክብ። ከፊደሉ ጋር አይደለም፣ ከሌላ ቦታ ነበር የምናመጣው። አሁን ሁሉም ሣጥን ሆነዋል።"

"አሸዋው ነዋ የሚናደው!" አለ ቆፋሪው። "ግን ደግሞ... እዚያ አካባቢ የተጋገረ አሸዋም አለ፤ እሱ እንደ ግንብ ነው። ሸክላውም አንዳንዴ ውሃ ሲነካው ይወርዳል። ኧረ ይገምቱ እትዬ፣ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው!"

"አልገምትም።"

"ሠላሳ ዓመት የመታ ሰው!"

"መታሁ እንጂ አልቆፈርኩም። ግምት ከፈለግህ አንተ ትሻላለህ። እኔ ያላየሁትን አላነብም።"

ቆፋሪው በሩ ጋ ሄዶ ሹፌሩን "አጥፋው ሞተሩን!" ብሎ ጮኸበት።

ቴክኒሻኗ ጸሐፊዋን አየቻቸው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ደርሶ፣ እንዲህ ተደንቆ፣ አንድ ቃል ጣል አድርጎ ይገላገል ነበር። እሷም ራሷ ትገላገል ነበር፤ ጠዋት አንድም ሰነድ ሳትከፍት ያደረገችው ይህንኑ ነው። አድናቆቷን ለመግለጽ ቃል አልፈለገችም። ቁልፍ ሰሌዳውን ወደ ራሷ ሳበች።

"ሣጥኖቹ ለዓይን ነው አንድ የሆኑት" አለች። "ውስጣቸው ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸው።" አንድ በአንድ መርጣ ቁጥራቸውን አወጣች። አራቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ሦስተኛው፣ የአሸዋው፣ ለብቻው ነው።

"በቃ፣ አሸዋው ነው!" አለ ቆፋሪው።

"ቆይ እንጂ፣ ወንድሜ። ምናልባት አሸዋው ብቻ ይጸናል፣ ሌላው ሁሉ ይናዳል። የቱ ቁጥር ሦስት ማዕዘን እንደሆነ ገና አላወቅንም።"

"የሦስተኛው ወረቀት ላይ ምልክቱ ታትሟል" አሉ ጸሐፊዋ። ወረቀቱን አንሥተው ወደ ብርሃኑ አቀረቡት። ከግርጌው ሦስት ማዕዘኑ፣ ክቡ፣ ትርጉማቸው በግልጽ አለ። "አራተኛው መስመር ላይ ሦስት ማዕዘን።"

ቴክኒሻኗ በዚያ ፋይል አራተኛው መስመር ላይ ያለውን ሣጥን መረጠች። ቁጥሩ ወጣ። ከዘጠነኛው ጉድጓድ የአሸዋ መስመር ቁጥር ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠችው። አንድ ናቸው። ለማረጋገጥ የክቡንም አየች። እሱም ከአራቱ ጋር ገጠመ።

"ከ41 እስከ 46 ይናዳል" አለች። "ሌላው ይጸናል።"

ቆፋሪው ደብተሩ ላይ አሰመረበት። ወዲያው አልወጣም። ባርኔጣውን አውልቆ ለጸሐፊዋ ጎንበስ አለ። "እትዬ፣ ከእንግዲህ መትረየስ የሚልዎትን ሰው እኔ ነኝ የማናግረው።"

"አንተ አይደለህ እንዴ ያወጣኸው?"

"እሱንም አናግረዋለሁ።" በሩጫ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከመጋዘኑ በኩል ብረት ከብረት ሲጋጭ ተሰማ።

የቴክኒሻኗ ስልክ ጠራ። የድርጅቷ ተቆጣጣሪ ነበር፤ ኃላፊው ደውሎ ነግሮታል። "ሰነዶቹ ቀድሞም የተበላሹ ነበሩ ብለሽ የሥራ ማጠቃለያ ቅጹን ሙይና ነይ" አላት። "ነገ ባንክ ውስጥ ሥራ አለሽ። እዚያ ማንም ምንም አይጠይቅሽም።"

"አልተበላሹም" አለች።

"ምን?"

"አልተበላሹም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቆይቼ እደውላለሁ።" ዘጋችው።

ጸሐፊዋ ሳይጠየቁ የአሥረኛውን ጉድጓድ ፋይል ከፍተው ነበር። ንጹሕ ወረቀት አቅርበው የቁልፍ ሰሌዳ ሥዕል ነድፈዋል፤ ጣታቸው ባለፈበት ቁጥር ከቁልፉ ጎን ፊደሉን ይጽፋሉ። ቴክኒሻኗ የሚሠሩትን ስታይ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታያት። ያ ሥዕል ሲያልቅ ሁለት መቶ አሥራ አራቱንም ሰነዶች በአንድ ጊዜ የሚቀይር ፕሮግራም መጻፍ ትችላለች። ሥዕሉን ሊጨርስ የሚችል ሰው ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ያም ሰው አሁን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው።

"ስንት ቀን ይፈጅብዎታል?"

"ካልተረበሽኩ አራት።"

ቅጹን አወጣች። የችግሩ መንስኤ በሚለው ቦታ "የፊደሉን ፕሮግራም ሳልገለብጥ አሮጌውን ዲስክ አጥፍቻለሁ" ብላ ጻፈች። የሚያስፈልግ ጊዜ በሚለው አምስት ቀን። ሥራውን የሚመራው በሚለው ቦታ የራሷን ስም ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አሳረፈች፤ አነሣችው። የጸሐፊዋን ጻፈች፤ ከሥሩ "ረዳት" ብላ የራሷን አስገባች።

ኃላፊው እንዲፈርምላት ቅጹን ይዛ ተነሣች። ኮሪደሩ ላይ ባለጉዳዮች ይንጫጫሉ። ጸሐፊዋ ቀና አላሉም። ቴክኒሻኗ ወጣችና ጫጫታው እንዳይገባ በሩን በቀስታ ዘጋችው።