ጨው ውስጥ የከረመ ገንዘብ

የጋሻዬ ነገር ሲነሳ ላሊበላ ውስጥ የማይስቅ አስጎብኚ አልነበረም። እኛ የቱሪስት ጉርሻ ኪሳችን ሲገባ ወደ ሥጋ ቤት፣ እሱ ወደ ቅዳሜ ገበያ። ከባላገሩ ላይ የድሮ ሳንቲም ይለቅማል። መጀመሪያ ፍቅር ብቻ ነበር። አንዱን የመዳብ ሳንቲም ጠርዙን ይዞ የአንበሳውን ጎፈር ሲያሳየኝ የገዛ ልጁን የሚያስተዋውቀኝ ይመስል ነበር። እኛን በባዶ እጅ አያስነካንም፤ የጣት ላብ ይበላዋል ይላል። በኋላ ፍቅሩ ላይ ስሌት ተጨመረበት።

"ምስጋኑ፣ ላም ስታረጅ ዋጋዋ ይወርዳል፤ ገንዘብ ሲያረጅ ግን ይወጣል" ይለኛል።

"ላሟ እስክታረጅ ትታለባለች። ያንተ ሳንቲም ምኑ ይታለባል?" እለው ነበር።

አሁን ሳስበው በሰው ለመሳቅ እኔ ማን ነኝ? ባጠራቀምኩት ገንዘብ የሠራሁት የእንግዳ ማረፊያ፣ በሽታውና ጦርነቱ ተከታትለው ከመጡ ወዲህ ቁንጫ ነው የሚያድርበት። ጋሻዬም ከለቀማቸው ውስጥ ጠገራ ብሮቹን በዚያ ክፉ ዘመን አንድ በአንድ ለአንጥረኛ ሸጦ በላቸው። መዳቦቹን ግን ንክች አላደረገም። ጠገራ ብር የትም ቤት አለ፣ እንዲህ ፊቱ ያልተፋቀ መዳብ ግን አይገኝም ባይ ነው።

ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ እሱ ደሴ ነበር። መንገዱ ጋሸና ላይ ተዘጋና እዚያው ቀረ። ሚስቱ ሰብሌ ብቻዋን መዳቦቹን ማሰሮ ውስጥ ከታ ጓዳዋ ውስጥ ቀበረቻቸው። ሲመለስ "ደህና ናቸው" አለችው። አገሩ ገና አልረጋም ነበርና ባሉበት ይቆዩ አለ።

አምና የሰብሌ ዓይን ይደክም ጀመር። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አላት። የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ የቀረው ግን አዲስ አበባ ሄዳ በቶሎ ቀዶ ሕክምና ካደረገች ይተርፋል። ቤታቸው ውስጥ ሌላ የሚሸጥ ነገር አልነበረም። ጋሻዬ ግን አልደነገጠም። "ለዚህ ቀን ብዬ አይደል ያስቀመጥኩት?" አለ። አቶ ይታገሱ የሚባሉ የአዲስ አበባ ሰብሳቢ ድሮ መዳቦቹን አይተው "ስትሸጥ ለኔ" ብለውት ነበር። ዘንድሮ ለገና ሊሳለሙ እንደሚመጡ ሰማ።

እኔና እሱ ጓዳውን ቆፈርን። የማሰሮውን ክዳን ሲያነሳ ከውስጥ እንደ ድንጋይ የተጋገረ አረንጓዴ ነገር ታየን።

"ሰብልዬ፣ ምን ውስጥ ነው የከተትሻቸው?"

"ጨው ውስጥ ነዋ" አለች ከደጃፉ። አባቷ የሰቆጣ ጨው ነጋዴ ነበሩ፤ እነሱ ቤት ቋንጣውም ቆዳውም ጨው ሳይነካው አይቀመጥም። "ጨው ያገኘው ነገር መቼ ይበላሻል? ደሞ አሞሌ ራሱ የድሮ ሰው ገንዘብ አይደል? ገንዘብ ገንዘብን ምን ያደርገዋል ብዬ ነው። ጨው ከገበያ ሲጠፋ እኔ ሽሮዬን አልጫ እየበላሁ፣ የአባቴን አሞሌ ወቅጬ ላንተ ሳንቲም ሰጠሁ።"

ጋሻዬ ክዳኑን መልሶ ገጠመው። ከዚያ "ደግ አደረግሽ" አላት።

አቶ ይታገሱ ባረፉበት ሆቴል አንዱን መዳብ አንስተው በማጉያ መነጽር አዩት። ሌላውን አነሱ። ጎፈሩ የለም፤ ፊደሉም የለም። በጣታቸው ሲነኩት እንደ ዛገ ቆርቆሮ እየተፈረፈረ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

"ወንድሜ፣ ጨውና እርጥበት ከሥሩ በልቶታል። ቢታጠብም አይድንም።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። አዝናለሁ።"

ሰውየው ደግ ናቸው፤ ቦርሳቸውን አውጥተው ጥቂት ብር ሊሰጡት ሞከሩ። "ይተዉት ጋሼ፣ ልሸጥ እንጂ ልለምን አልመጣሁም" ብሎ ማሰሮውን አነሳ። ኩራቱ አናደደኝ። እኔ ብሆን እቀበል ነበር።

ነጭ በለበሱ ተሳላሚዎች መሀል ዳገቱን ስንወጣ ድንገት ቆመ።

"እንዳትነግራት። የዓይኔን መዳኛ በገዛ እጄ አጠፋሁት እያለች ጨለማ ውስጥ እንድትቀመጥ አልፈልግም። ጨለማው ራሱ ይበቃታል።"

ሰብሌ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀን ደረስን። ኮቴያችንን ሰምታ ቀና አለች።

"ገዙት?"

"አልደረሱም። መንገዱ ጋሸና ላይ ተዘግቶባቸው ተመለሱ አሉ።"

ፊቷ ላይ ቅሬታ ታየኝ፤ ግን ቶሎ አባረረችው። "ይሁን እንግዲህ፣ ለፋሲካ ይመጣሉ። ሲቆይ ዋጋው ይጨምራል ስትል የኖርከው አንተ አይደለህ?"

ማሰሮውን ተቀብላ እጇን ሰደደችበት። "አሮጌው ጨው ረጥቧል" አለች። ግድግዳውን እየዳበሰች ገብታ የጨው ቅሏን ይዛ መጣች። "አዲስ ላድርግበት?"

ጋሻዬ ወደኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"አድርጊበት" አላት።

ጨውን በእፍኟ እየዘገነች ነሰነሰችበት። አንድም ሳንቲም ሳይሸፈን እንዳይቀር በጣቷ እየዳሰሰች።