ኤክስፓየር ይላል ግርማይ

እና የብርቱካኑን ፍሬ መዳፉ ላይ ይተፋል፣ በዚያው እጁ የእናቴን የአደይን ፓስፖርት ይገልጣል፣ ገጹ ጣቱ ላይ ይጣበቃል፣ ኤክስፓየር አድርጓል ቲቸር፣ ቲቸር ይለኛል ደግሞ፣ የኋላ ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ ጠመኔ እወረውርበት የነበረው ግርማይ፣ ይሄ ጀዝባ፣ ዛሬ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ባለመስኮት፣ ባለሽጉጥ፣ ጓድ ግርማይ።



የመውጫ ቪዛዋ ትናንት አልፏል፣ አውሮፕላኑ ግን ዛሬ ነው፣ ያው ቆሟል፣ በመስታወቱ ይታየኛል፣ ሮም የልብ ሐኪሙ አልጋ ይዞላታል፣ ለምን ዘገያችሁ ይላል ግርማይ፣ የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ጠይቀው፣ ማንንም አላምንም ብሎ ማኅተሙን ኪሱ ከቶ ናዝሬት ስብሰባ የሄደውን፣ የድጋፍ ደብዳቤዋ ተፈርሞ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ፣ ሲመለስ ቀለሙ ደርቋል፣ ማኅተሙን አፉ ውስጥ ሊጨምረው ምንም አልቀረው፣ ሃ ብሎ ተነፈሰበት፣ ደግሞ ሃ፣ ነጭ ሽንኩርትና አረቄ፣ ከዚያ መታልን፣ እጅ ነሳሁ፣ ለዚያ ትንፋሽ እጅ ነሳሁ።

አደይ ከጎኔ ትተነፍሳለች። ሥራ ሆኖባታል፣ በትከሻዋ ነው የምትተነፍሰው።

አማርኛው ጠፍቶብን ነው ቲቸር፣ ቃሉን እርስዎ ነዎት ያስተማሩን፣ ይስቃል፣ አዎ እኔ ነኝ፣ ጻፉ ልጆች፣ ከላቲን የመጣ ግስ ነው፣ ኤክስ ወደ ውጭ፣ ስፒራሬ መተንፈስ፣ አየር ማስወጣት፣ የመጨረሻዋን ትንፋሽ ማስወጣትም፣ ማለት መሞት፣ ውልና ፈቃድም ቀኑ ሲያልፍ እንደዚሁ ይባልለታል፣ ወረቀት ሳንባ ያለው ይመስል፣ ያኔ ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ራሴን አዋቂ አድርጌ ሳቅሁ።

እባክህ ግርማይ። ብርቱካኑን ይመጥጣል። እባክዎ ጓድ ግርማይ፣ እርስዎ አልኩት፣ ለዚህ ንፍጣም፣ ምላሴን ቆርጬ ብጥለው ደስ ባለኝ፣ አንድ ቀን ናት ጓድ፣ አሮጊት ናት፣ ልበ ደካማ ናት። እኔ ምን ላድርግ ቲቸር፣ መመሪያ ነው፣ አሳድሰው ሰኞ ይምጡ። ቀጣይ።

ቀጣይ፣ ከኋላችን ያለው ሰው በሻንጣው ይገፋናል፣ አደይን በክንዴ እደግፋታለሁ፣ ምን አለህ ልጄ፣ ያ የፈረንጅ ቃል፣ ደጋግሞ የሚለው፣ ምን ማለት ነው።

አስተማሪ አይደለህ፣ አስረዳት እንግዲህ።

ሰኞ ማለት ነው አደይ።

እሺ ትላለች፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ፣ እስከ ሰኞ ለመተንፈስ፣ መቀነቷን ታላላለች።