ውሃ የከለከለው ዘምዘሚ

ሀሺም ዘምዘሚ ነው፣ መካ ሐረም ውስጥ የተባረከውን የዘምዘም ውሃ የሚያጠጣ ሰው። ሥራው ይኸው ነው። ዶረቅ የሚሉትን የሸክላ እንስራ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ታሳ የምትባለዋን የነሐስ ኩባያ በእጁ ይዞ፣ ሐጃጁን ዘምዘም ሲያጠጣ ይውላል። አያቱ ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዛው ቀሩ፣ አባቱም ይሄንኑ ሠሩ፣ እሱም ያው። እዛው መካ፣ ዛሂር በሚባለው ሰፈሩ፣ ሰው ሲጠማው የሀሺምን በር ነው የሚያንኳኳው። እና አስቡት እንግዲህ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነው የገዛ ሚስቱን ውሃ የከለከለው።

ነገሩ የጀመረው በኮሶ ነው።

ሚስቱ በድሪያ የደሴ ልጅ ናት። ደርግ ከመጣ በኋላ ነው ከአገር የወጣችው። ሁሉን ለምዳለች፣ ሙቀቱንም ሕዝቡንም፣ ጥሬ ሥጋ መተው ግን አልሆነላትም። መካ ተወልደው ያደጉት የባሏ እህቶች ደግሞ ጥሬ ስትበላ ካዩ አለቀላት፣ "ወንድማችን ጅብ አገባ" ነው የሚሏት። ስለዚህ የአረፋ ቀን ማድቤት ውስጥ ዞር ብላ፣ በቢላ ቆረስ ቆረስ አድርጋ ትጎርሳለች።

ከጊዜ በኋላ ምን እንደመጣ ታውቃላችሁ፣ የኮሶ ትል። ፋርማሲ ኪኒን አለ፣ ግን ዓረብኛዋ ስለማይበቃ የባሏን እህት አስተርጉሚልኝ ማለት ሊኖርባት ነው። አታደርገውም። ይልቅ እህቷን ልጠይቅ ብላ ጅዳ ወረደች፣ ጉለይል ሰፈር። እህቷ ሀጅራ ከደሴ የመጣ ኮሶ ነበራት።

"እስኪወጣ ድረስ ምንም እንዳትቀምሺ፣ ውሃም ቢሆን" አለቻት ሀጅራ። እናታቸው እንደዛ ነበር የምታደርጋቸው።

ልክ ነው፣ ደሴ እንደዛ ነው። ግን ደሴ ብርድ ነው። ይሄ ጅዳ ነው፣ በበጋ፣ ሰገነት ላይ ያለች አንዲት ክፍል ውስጥ። ኮሶው ሥራውን ሠራ፣ ሠርቶ ግን አላቆመም። አስመለሳት፣ አስቀመጣት፣ እንደገና አስመለሳት። በድሪያ እንደ ቋንጣ ደረቀች። በማግስቱ ልትነሳ ስትል ወደቀች፣ ሀጅራ ጎረቤት ጠርታ በታክሲ ሆስፒታል አደረሰቻት።

ሆስፒታል ግሉኮስ ሰቀሉላት። ነፍሷ መለስ አለ። ሽንት ግን የለም። ፊቷ አበጠ፣ እግሯ አበጠ፣ ሽንት የለም። ሐኪሞቹ "ምን ወሰደች?" ይላሉ፣ ሀጅራ "ምንም፣ ወላሂ ምንም" ትላለች። እንዴት ብላ ትንገራቸው።

በኋላ አንድ ያገር ሰው ዶክተር መጣ፣ ዶክተር ተክሌ የሚባል፣ እዛው የሚሠራ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና፣ "እትዬ በድሪያ፣ ኮሶ ነው አይደል?" አላት።

ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች። "ማን ነገረህ?"

"እናቴም ኮሶ ስትጠጣ እንዲህ ነበር ፊቷን የምትሸፍነው።"

ሳቀችለት፣ ጉልበት ባይኖራትም።

ሀሺም ወሬው ደርሶት ከመካ ሲከንፍ መጣ። በአንድ እጁ ጀሪካን ሙሉ ዘምዘም፣ በሌላው ታሳውን ይዟል። ተክሌ በሩ ላይ አገኘው።

"ጋሼ ሀሺም፣ ይስሙኝ። ሰውነቷ ሲደርቅ ኩላሊቷ ደነገጠና ተኛ። አልሞተም፣ ተኝቷል፣ ሊነሳ ይችላል። ግን ተኝቶ እያለ የምትጠጣው ውሃ መውጫ የለውም። ሳንባዋ ውስጥ ይገባል።"

"ይሄኮ ዘምዘም ነው፣ ዶክተር።"

"አውቃለሁ።"

"አንተ ክርስቲያን ነህ፣ እንዴት ታውቃለህ?"

"ውሃነቱን ነው የማውቀው" አለ ተክሌ። "በረከቱን እርስዎ ያውቃሉ፣ እኔ መካ ገብቼ አላውቅም። የሷ ድርሻ ግን በዚች ታሳ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ነው። ከዛ በላይ አይሆንም።"

ሀሺም እሺ አለ። አፉ ነው እሺ ያለው። ዘምዘም ለተጠጣለት ነገር ሁሉ ይሆናል ሲባል ነው ያደገው፣ ለታመመ መድኃኒት ነው ሲባል። ከዛ ደግሞ እሷ አለች፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ አይን አይኑን እያየች።

"ሀሺም፣ ለማያውቁህ ሁሉ ስታጠጣ ትውላለህ" አለችው። "እኔ ምን በደልኩህ?"

እንግዲህ ምን ያድርግ። ነርሷ ዞር ስትል አንድ ታሳ ሰጣት። ጠጥታ አይኗን ስትጨፍን ደስ አለው፣ ደገመላት። ሠለሰላት። ቢስሚላህ እያለ፣ አንገቷን ደግፎ፣ ልክ የደከመ ሐጃጅ እንደሚያጠጣው።

የአስር ሶላት ሳይሰገድ መተንፈስ አቃታት። ተኝታ አይሆን፣ ተቀምጣ አይሆን፣ ደረቷ እንደሚፈላ ድስት ይንተከተካል። ነርሶቹ ኦክስጅን ይዘው ሮጡ፣ ተክሌ መጣ፣ ደም የሚያጥበው ማሽን ጋ ወሰዷት። ሀሺም ኮሪደሩ ላይ ታሳውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ተክሌ ሲወጣ ሀሺም ቀድሞ ተናገረ። "እኔ ነኝ ያጠጣኋት።"

"አውቃለሁ። ታሳው እርጥብ ነበር።"

"ገደልኳት?"

"አልገደሏትም። ማሽኑ ውሃውን ቀነሰላት፣ አሁን ትተነፍሳለች። ኩላሊቷ ግን ገና እንደተኛ ነው። እኔ ዘበኛ ነው የምፈልገው፣ ጋሼ። ነርሶቹ ዘመዱን ሁሉ አይችሉትም። ከነገ ጀምሮ ጠያቂው ይጎርፋል። እርስዎን ግን ማንም አልፎ አይሄድም።"

እውነትም ጎረፈ። ከመካ ከዑተይቢያ ሰፈር፣ ከጅዳው ጉለይል፣ ያልመጣ የለም። ሁሉም ደግሞ ዘምዘም ይዞ፣ ተምር ይዞ፣ ሙዝና ብርቱካን ይዞ። ተክሌ አስጠንቅቆታል፣ "ተምሩም ሙዙም ውስጥ ያለው ነገር ኩላሊት ካላወጣው ልብ ያቆማል" ብሎታል። ሀሺም ወንበሩን በሩ ላይ አድርጎ ይቀበላል።

"አንዲት ፍሬ እንኳን፣ ለበረካ" ይላሉ አሮጊቷ አዚዛ፣ የዛሂር ጎረቤቱ።

"ለበረካው እኔ እበላላታለሁ፣ እናቴ" ይልና እፊታቸው ይጎርሰዋል። እንዳያዝኑ።

"እሷ ትክሳለች አንተ ትወፍራለህ" አለችው ሀጅራ።

"ጀዛዬ ነው፣ የሥራዬ ዋጋ" አለ።

ማታ ማታ ደግሞ ድርሻዋን ታሳ በአንዴ አይሰጣትም። ጉንጭ ጉንጭ ያደርግላታል፣ እንዲቆይላት። ጥሟ ሲብስባት ጥጥ በዘምዘም ነክሮ ከንፈሯን ይነካላታል፣ ግንባሯን ያብስላታል፣ ያበጠ እግሯን ያጥብላታል። ውስጧ እንዳይገባ የተከለከለውን ከላይ አለበሳት ማለት ይቻላል።

"ትጠላኛለሽ?" አላት አንዴ።

"ስትከለክለኝ አይኔን ማየት ትፈራለህ" አለችው። "ምኑን ልጥላው?"

እንደዚህ እንደዚህ እያሉ ከረሙ። ተክሌ በየጠዋቱ ደሟን ያያል፣ የሽንት መቀበያውን ጎማ ከረጢት ያያል፣ ወደሚቀጥለው አልጋ ይሄዳል። ማሽኑ ጋ መለስ ቀለስ አሉ። ሀሺም ተክሌን መጠየቅ ፈራ፣ ፊቱን ብቻ እያየ ይውላል።

አንድ ጠዋት በድሪያ ጠራችው። "ከረጢቱን እየው እስቲ።"

ጎንበስ አለ። ከሥር፣ ትንሽ፣ ቀላ ያለች፣ ሻይ የምትመስል። አላመነም፣ በጣቱ ነካ አደረገው። ከዛ ኮሪደር ወጥቶ ያገኘውን ሁሉ፣ ፅዳቱን፣ ነርሷን፣ የማያውቀውን የመናዊ ሳይቀር፣ "ሸናች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሸናች" ይል ጀመር።

"ኧረ ዝም በል፣ ሰው ይሰማል" አለች ሀጅራ።

"ይስማ።"

ከዛ ከቀን ቀን ጨመረ። በኋላማ ጎርፍ ሆነ፣ ከረጢቱ ቶሎ ቶሎ ይሞላል። ተክሌ የምርመራ ወረቀቱን ሲያይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ።

"ኩላሊቱ ነቅቷል። ግን ገና እንቅልፍ ላይ ስላለ ልክ አያውቅም፣ የሰውነቷን ውሃ ሁሉ እየደፋው ነው። ያወጣችውን ያህል ካልጠጣች እንደገና ትደርቃለች።" ወደ ሀሺም ዞረ። "ጋሼ ሀሺም፣ አሁን ሥራዎን ይሥሩ።"

ሀሺም ጀሪካኑን ከአልጋው ሥር ጎተተ። ታሳውን አጠበ። እየቀዳ አይኗን አያት። አንገቷን ደግፎ አጠጣት፣ ደገመላት፣ ሠለሰላት፣ ደረቷን እያየ። ደረቷ ዝም ብሎ ይወጣል ይወርዳል።

"በቃኝ" አለች በድሪያ።

"አልበቃሽም። ዶክተሩ ጠጪ ብሏል።"

"ሐጃጁንም እንዲህ ነው የምታስጨንቀው?"

"ሐጃጅ አይለግምም። ጠጪ።"

ጠጣች። ከንፈሯን ጠረገችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ለእህቶችህ ስለ ጥሬው ነገርካቸው?"

"አልነገርኳቸውም። ግን ለመጪው አረፋ ሥጋሽን እኔ ነኝ የማበስልሽ።"

ትንሽ አሰበች። "ለብ ለብ አድርግልኝ፣ እሺ?"

"ይበስላል" አለና ታሳውን ሞላ።